ብድግ ያለ ኮርቻ

ተበድያለሁ። በደሉን ሳላስረዝም ልንገራችሁ፦ የስምሪት ኃላፊያችን አቶ ሸዋንግዛው ሠራተኛው በሙሉ በተሰበሰበበት ግምገማ ላይ ቆመው፣ «ይህ ሰው ለሰው አይነሳም!» ብለው ስሜን አጠፉ። ስሜ ብቻ ቢጠፋ ግድ አልነበረኝም። ሊያጠፉ የፈለጉት እንጀራዬን ነው።

ለነገሩ በዚህ አገር ረጅም ሰው የሚወደደው አምፖል ሲቃጠል ብቻ ነው። አምፖሉ ከተቀየረ በኋላ ማን ያውቀዋል? ታክሲ ውስጥ አንገቱን ሰብሮ ይሄዳል፣ አልጋ ላይ እግሩን አጥፎ ያድራል፣ ለቅሶ ቤት ሲሄድ የድንኳኑን ገመድ በግንባሩ ፈልጎ ያገኘዋል። ፎቶ ሲነሳ «አንተ ከኋላ!» ይባላል። ሰፈር ውስጥ ጠብ ተነስቶ እሱ በዚያ ካለፈ ደግሞ አለቀለት... «ሌሎቹን አላየኋቸውም፤ አንድ ረጅም ሰውዬ ግን ነበረ!» እናንተዬ፣ አጭር ሰው ምስክር በሚሆንበት ቦታ ረጅም ሰው ተጠርጣሪ ነው!

እኔን አቃቂ በሰቃ «አንቴና» ካላችሁ ሕፃን ሽማግሌው ቤቴን ያሳያችኋል። ለብዙ ዘመን ቃሊቲ ያለ አንድ ፋብሪካ ዘበኛ ነበርኩ። ሌላው የመኪናውን ወረቀት ያነባል፣ እኔ በር እከፍታለሁ። ሌላው ከጥላ ሥር ይጽፋል፣ እኔ ዝናብ እቆጥራለሁ። ፊደል የቆጠርኩት ጺሜ ወጥቶ፣ ያም አልበቃ ብሎት ሽበት ጣል ጣል ካደረገበት በኋላ ነው። ለምን ተማርክ ብትሉኝ፣ ለእውቀት ብዬ አልዋሻችሁም። ከዚያ በር ለመሸሽ ነው! የጎልማሶች ትምህርት ቤት ገብቼ፣ ጉልበቴን ለሕፃን ከተሠራ ዴስክ ሥር እያስጨነቅሁ «ሀ ሁ» አልኩ። አነበብኩ፣ መንጃ ፈቃድ አወጣሁ፣ የፋብሪካው ሞተረኛ ሆንኩ። መለዋወጫና ደብዳቤ ይዤ ከመጋዘን መጋዘን፣ ከመጋዘን ድንጋይ ወደሚፈለጥበት ካባ እመላለሳለሁ። ንፋስ ፊቴን ሲመታኝ፣ ያ በር ከኋላዬ እያነሰ ሲሄድ... ተዉኝ፣ ይሄን የማያውቅ አያውቀውም።

«አይነሳም» ስለተባለው ነገር እንዳትሳሳቱ። እኔ ለሽበት እነሳለሁ። ለቄስ እነሳለሁ። ለነፍሰ ጡር ከወንበሬ ብቻ ሳይሆን ከታክሲው ሁሉ እወርዳለሁ። ለሹመት ግን አልነሳም። አቶ ሸዋንግዛው ከእኔ ያንሳሉ፤ በዕድሜም በቁመትም። ደግሞ ሳልሞክረው የቀረሁ አይምሰላችሁ። አንድ ጊዜ ብድግ አልኩላቸውና ፊታቸውን ለማየት ጎንበስ ብል፣ «ታሾፍብኛለህ?» አሉኝ። ከዚያ ወዲህ ተቀምጬ ነው የማናግራቸው። በተቀመጥኩበት ከእሳቸው ጋር ልክ እኩል እንሆናለን። እኩልነት ደግሞ በየስብሰባው ሲነገረን የኖረ ነገር ነው፤ እኔ ያመጣሁት አይደለም።

አሁን ሞተሩን ላምጣላችሁ።

ፋብሪካው አዲስ ማሽን ሲያስተክል አንድ ፈረንጅ መሐንዲስ መጣ። የመጣው ደግሞ አገር ላገር በሚዞርበት፣ አስፋልት ኮረኮንች በማይመርጥ ትልቅ የጉዞ ሞተር ላይ ሆኖ ነው። የነዳጅ ጋኑ የሠርግ ጠላ የሚጠመቅበትን ያህላል። ሥራውን ጨርሶ ሲሄድ ሞተሩን ለፋብሪካው ትቶ ሄደ። ሁሉም አየውና «ይሄማ ለአንቴና የተፈጠረ ነው!» አለ። እኔም አመንኩ። ያልጠረጠረ ተመነጠረ!

ለካ ፈረንጁ አጭር ኖሯል! ሁልጊዜ ሞተር ላይ ስለምናየው ቁመቱን ያወቅነው ሊሰናበተን የወረደ ዕለት ነው። አጭር ፈረንጅ መኖሩንም የሰማሁት... ምን የሰማሁት፣ ያየሁት ያን ቀን ነው። እና ሰውዬው ሞተሩን ለራሱ አበጅቶታል፤ የኮርቻውን ስፖንጅ አስፍቆ፣ ሞላውን አስወርዶ፣ መሪውን ወደ ደረቱ ስቦ። ተራራ የሚያህለውን ሞተር በርጩማ አድርጎታል። ብወጣበት ጉልበቴ ከጆሮዬ ጋር ጨዋታ ጀመረ። መሪውን ወደ ግራ ሳዞር ግራ ጉልበቴ «ወዴት?» ይላል፤ ወደ ቀኝ ሳዞር ቀኙ «አይታለፍም!» ይላል። አስፋልቱ ላይ የከባድ መኪና ረዳቶች ከላይ ሆነው፣ «ፌንጣው! ዝለል እንጂ!» እያሉ ሸኙኝ።

አንድ ቀን ጠዋት በፋብሪካው ግቢ ስዞር ጉልበቴ መሪውን ያዘው። ሞተሩ ቀጥ ብሎ የባዶ ጆንያ ክምር ውስጥ ገባ። ለዚያውም አቶ ሸዋንግዛው ዓይን ሥር።

«አየኸው?» አሉ አጠገባቸው የቆመውን የክርስትና ልጃቸውን። ልጁ ሙሉጌታ ይባላል፤ መጋዘን ውስጥ ይሠራል፤ ቁመቱ እንደ ፈረንጁ ነው። «እስቲ አንተ ውጣበት።»

ሙሉጌታ ወጣበት። ልብስ ሰፊ የለካለት ይመስል ነበር።

ግምገማው የመጣው ከዚህ በኋላ ነው። «ለሰው አይነሳም፣ ሥነ ሥርዓት ይጎድለዋል፣ ሞተሩንም አልቻለም» ተብሎ ተወሰነብኝ፦ ጥቅምት ሳያልቅ ሞተሩን እስከ ድንጋይ ካባው ነድቼ፣ ዕቃ አድርሼ፣ አንድ ነገር ሳልገጭ ልመለስ። ካልሆነ ሞተሩ ለሙሉጌታ፣ እኔ ደግሞ ወደ በሩ።

ወደ በሩ! ያን ሁሉ ፊደል በጉልበቴ ቆጥሬ!

እዚያው እኛ ሰፈር ደምሴ የሚባል በያጅ አለ፤ አብሮ አደጌ ነው። የማልበይደው ነገር የለም ባይ ነው፤ «ትዳርም ቢሆን ሳይዝግ አምጡልኝ» ይላል። ሞተሩን አይቶ፣ እኔን አይቶ፣ እንደገና ሞተሩን አየና ራሱን ነቀነቀ።

«ይሄ ነገር እንደ ኮት ነው» አለ። «ሰው በኮት አይለካም፤ ኮት ነው በሰው የሚለካው። ኮርቻውን ከፍ አደርግልሃለሁ፣ ጉልበትህ ይዘረጋል። መርገጫውን ዝቅ። መሪው እጅህ ባለበት ይሄዳል። ከዚያ በኋላ እንኳን ድንጋይ ካባ ሞያሌ ድረስ ተኝተህ ትነዳዋለህ።»

«አንተ ደሞ፣ ተኝቼ መንዳት አልፈልግም። ተቀምጬ ልንዳ!»

የደምሴ ቤት ጠባብ ስለሆነ የሚሠራው ደጃፉ ላይ፣ መንገድ ዳር ነው። ሞተሩን ግራና ቀኝ በድንጋይ አስደግፎ ቀጥ አድርጎ አቆመው። ኮርቻው ላይ የታጠፈ ጆንያ ደረበና አስቀመጠኝ። ከጎኔ የብረት ዘንግ ተከለ። ሐሳቡ፣ ዳሌዬ የሚያርፍበትን፣ እጄ የሚደርስበትን ዘንጉ ላይ በጠመኔ ማስመር ነው። ከዚያ ተንበርክኮ ከሥር ገባ። ልብ በሉ፣ ከዚያ ሆኖ የሚታየው ዳሌዬና እጄ ነው። ፊቴም መንገዱም አይታየውም።

«ዘና በል» አለኝ ከሥር። «ደስ ያለህ ቦታ ላይ ስትሆን አሰምራለሁ።»

ዘና ልል ስል መምሬ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ መጡ።

«ኖር አባ!» ብዬ ብድግ አልኩ።

«በእግዜር! በእግዜር! ኧረ ተቀመጥ ልጄ!» አሉ መምሬ፤ ግን እንደምታውቁት «ተቀመጥ» እየተባለ ቶሎ የሚቀመጥ ሰው ባለጌ ነው። ግማሽ ተነስቼ ቆየሁ። እሳቸውም መስቀላቸውን አውጥተው አሳለሙኝ፣ ስለ ቤተሰብ ጠየቁኝ፣ ስለ ከብት ጠየቁኝ፤ ከብት የለኝም። በዚህ መሀል ከጎኔ ጠመኔው ጫር! አለ።

መምሬ እንዳለፉ እማማ በላይነሽ መጡ። እማማ በላይነሽ የሰፈሩ እናት ናቸው፤ ቁመታቸው ከሞተሩ ጎማ ብዙም አይበልጥ። ለመሳም ወደ ፊት ወደ ታች ተዘረጋሁ። ሁለት እጄን ያዙና አልለቅ አሉ።

«አንተ ልጅ፣ ምነው ከሳህ?»

«ኧረ አልከሳሁም እማማ፤ ረዝሜ ነው።»

«በዚህ ዕድሜህ ትረዝማለህ? በል ተው፣ ያምሃል!»

ጫር!

መርገጫውን ብቻ ሰው ባላለፈበት ሰዓት ለካው። ስለዚህ ከዚያ ሁሉ ልኬት ትክክል የሆነው የእግሬ ነው።

ሥራው ሲያልቅ ልወስድ ሄድኩ። ደምሴ ሻንጣውን አንጠልጥሎ፣ ቤቱን ቆልፎ፣ አገር ቤት ለዘመድ ተዝካር ሊሄድ ተነስቶ አገኘሁት። ሞተሩ ደጁ ላይ ቆሟል። ወጣሁበት። «ወጣሁ» ስላችሁ ዛፍ እንደምትወጡት ነው!

«ደምሴ፣ ይሄ ኮርቻ ነው የዶሮ ቆጥ?»

«ልክህ ነው።»

«እግሬ መሬት አይደርስም እኮ! የእኔ እግር! የአንቴና!»

«የለካሁትን ነው የሠራሁት።»

«መሪውስ? እዚያ ማዶ ጉልበቴ ሥር ምን ይሠራል?»

«እጅህን እዚያ ዘርግተህ የለ?»

«እማማ በላይነሽን እየሳምኩ ነበራ!»

ደምሴ ሻንጣውን መሬት አስቀመጠ። ዘንጉን አየ፣ እኔን አየ።

«ኮርቻውንስ?»

«ለመምሬ ተነስቼ ነዋ!»

«ወይ አንተ ሰውዬ! እየተለካህ ለምን ትነሳለህ?»

«ቄስ ሲያልፍ ልቀመጥ?»

  ይሄን ጊዜ ሳቁ መጣና ግድግዳው ላይ ተደገፈ። «ፋብሪካው ሁሉ አይነሳም እያለ ሲያማህ... እኔ ጋ መጥተህ ነው የምትነሳው?»

አሥር ጊዜ ለካ፣ አንዴ ቁረጥ የሚለውን ተረት ልነግረው አፌን ስከፍት አውቶቡሱ መጣ። «ከተዝካር ስመለስ አስተካክልልሃለሁ!» ብሎ ተሰቀለ። ጥቅምት ግን ተዝካር አይጠብቅም። ፈተናዬ በማግሥቱ ነው።

ስለዚህ በማግሥቱ፣ ዕቃውን ጭኜ፣ በዚያ ለሰላምታ በተለካ ሞተር ላይ ወጣሁ። እስቲ በዓይነ ልቡናችሁ እዩኝ፦ ዳሌዬ ብድግ ብሏል፣ ወገቤ ጎንበስ ብሏል፣ ሁለት እጄ ወደ ፊት ተዘርግቷል፣ አንገቴ ተሰብሯል። ከሩቅ ለሚያይ ሰው፣ አንድ ትልቅ ሰው ከመቀመጫው ተነስቶ በሁለት እጁ እጅ ሊነሳ ሲጣደፍ ነው። ውስጤ ግን... ውስጤን አትጠይቁኝ፤ ደምሴን ከነዘር ማንዘሩ እየተሳደብኩ ነበር።

ገና ከሰፈር ሳልወጣ ደጃቸው ላይ ፀሐይ የሚሞቁ ሽማግሌ አዩኝ። «በእግዜር! በእግዜር!» ብለው ተነሱ። ባለ ሱቁ ተነሳ። ዋናው መንገድ ላይ ትራፊክ ፖሊሱ ሊያስቆመኝ እጁን አንስቶ፣ ሲያየኝ እጁን ወደ ግንባሩ ወሰደና ሰላምታ ሰጠኝ። አንድ ለቅሶ ድንኳን ፊት ሳልፍ ከአግዳሚው ላይ ያለው ሰው ሁሉ ብድግ አለ።

«የማን ወገን ነው?» ሲል ሰማሁ አንዱ።

«እንጃ። ግን አስተዳደጉን አየኸው?»

እነዚያ «ፌንጣው» ያሉኝ ረዳቶች ሳይቀሩ፣ «አክባሪዬ! ይመችህ ፋዘር!» አሉኝ። እኔን! መራራውን ሰውዬ! በአንድ ጠዋት የቃሊቲን ሕዝብ አክብሬ ጨረስኩት።

ከአስፋልቱ ወጥቼ ወደ ድንጋይ ካባው ኮረኮንች ስገባ ደግሞ ሌላ ጉድ መጣ። ለካ ኮረኮንች የሚወደው ብድግ ያለ ሰው ነው! ሞተሩ ከሥሬ እንደ ፍየል ሲዘል እኔ ከላይ እንደ ዣንጥላ ተንሳፍፌ ሄድኩ። እዚያ የድንጋይ ክምር ረግጬ ቆምኩና ዕቃውን አደረስኩ። ችግሩ ሲመለሱ ነው። ፋብሪካው ጋ ስደርስ ወገቤ እንደ ዛገ ብሎን ተያዘ፤ በዚያው በጎነበሰበት ቀረ።

ዘበኛው በሩን ከፈተ። ያንን በር! አቶ ሸዋንግዛው ግቢው ውስጥ ሠራተኛ ሰብስበው ቆመዋል፤ ሙሉጌታ ሄልሜቱን አጥልቆ ተዘጋጅቷል። እግሬ መሬት ስለማይደርስ ለመቆም የሚረገጥ ከፍ ያለ ነገር ያስፈልገኛል። ያገኘሁት ደግሞ የአቶ ሸዋንግዛውን ቢሮ ደረጃ ነው። ቀስ ብዬ ተጠጋሁ፣ እግሬን ደረጃው ላይ ጣል አደረግሁ... እናም አለቃዬ ፊት፣ ብድግ ብዬ፣ ጎንበስ ብዬ፣ ሁለት እጄን ዘርግቼ ቀረሁ።



«በእግዜር...» አሉ አቶ ሸዋንግዛው ድምፃቸው ሰልሎ። «በእግዜር! ኧረ ተቀመጥ!»

«አልችልም» አልኩ። እውነቴን ነው።

«ምን ማለትህ ነው አትችልም?»

እኔ ውሸት አላውቅበትም፤ ጥቅሜ ቢሆንም። «አቶ ሸዋንግዛው፣ እውነቱን ልንገርዎት። እኔ አልተነሳሁልዎትም። የተነሳው ኮርቻው ነው። የጎነበስኩትም ወገቤ ተይዞ ነው።»

ወደ ሠራተኛው ዞሩ። እመቤቴን፣ ዓይናቸው እንባ አቅርሯል! «ትሕትናውን አያችሁ? አክብሮ እንኳ አላከበርኩም ይላል! እኛ ይሄን ሰው ነው የገመገምነው?»

«የምሬን ነው እኮ!» አልኩ።

«ይብቃህ፣ ይብቃህ፣ ገብቶኛል። ሞተሩ የአንተ ነው። ሙሉጌታ፣ ሄልሜትህን አውልቅ።»

«ተመስገን!» አለ ሙሉጌታ። «እኔ እኮ ጋሼ እንዳይቀየሙኝ ብዬ ነው እንጂ ድሮም ሞተር እፈራለሁ።»

ሁለት ሰው ደግፎ አወረደኝ። ቢሮ ድረስ ጎንብሼ ሄድኩ፤ አቶ ሸዋንግዛውም፣ ትሕትናዬ ከሞተር ስወርድም እንዳልተለየኝ አይተው፣ በር ከፈቱልኝ።

ከዚያ ወዲያ ነገሩ ሌላ መልክ ያዘ። የተነሱለት ሰው መነሳት አለበት፤ ወጋችን ነው። በየጠዋቱ ሞተሩ ላይ ብድግ ብዬ ስገባ፣ አቶ ሸዋንግዛውም ፀሐይ ከሚሞቁበት ወንበር ብድግ ይላሉ። «በእግዜር!» ይሉኛል። ደስ ብሏቸዋል። እኔ ግን ማታ ማታ ባለቤቴ ወገቤን በፍል ውሃ እየተኮሰች፣ «እስቲ ንገረኝ፣ ሥራህን ነው ያዳንከው ወይስ ወገብህን ነው የሸጥከው?» ትለኛለች። ጥያቄዋ ልክ ነው። ሞተሩን ባስተካክል ቀጥ ብዬ ልገባ ነው። ቀጥ ብዬ ከገባሁ «አይነሳም» ይመጣል። «አይነሳም» ከመጣ በሩ ይመጣል።

ደምሴ ከተዝካሩ ተመለሰ። የተያዘ ወገቤን አይቶ መሳቁን ተወ። ሞተሩንም እኔንም ወደዚያች ጠባብ ቤት አስገባና የቆርቆሮ በሩን ከውስጥ ቀረቀረው።

«ስማ» አለኝ። «ጳጳስ ቢመጣ አትነሳም!»

ለካኝ። እንደገና ለካኝ። ከውጭ «ቤቶች!» የሚል የእማማ በላይነሽ ድምፅ መጣ፤ ሰውነቴ በራሱ ብድግ ሊል ሲል ደምሴ ትከሻዬን ይዞ ወደ ታች ተጫነኝ። ማሩኝ እማማ። ኮርቻው ወረደ፣ መሪው ወጣ፣ ወደ እኔም መጣ።

አስፋልቱ ላይ ይዤው ወጣሁ። ጉልበቴ ዘና ብሎ ታጠፈ። ጀርባዬ ቀጥ አለ። እጄ ሳልጠራው መሪውን አገኘው። ሰዎች፣ እኔ አልጋው አጥሮኝ፣ ኮቱ አጥሮኝ፣ ዴስኩ አጥሮኝ፣ ታክሲው አጥሮኝ የኖርኩ ሰው ነኝ። በዚህ ዓለም ላይ በልኬ የተሠራ ነገር ላይ ስቀመጥ ያ የመጀመሪያዬ ነው። ሳሪስ ድረስ ያለ ጉዳይ ነድቼ፣ ያለ ጉዳይ ተመለስኩ። ለማንም አላጎነበስኩም። በሩ ትዝ ያለኝ ቤቴ ገብቼ ስተኛ ነው።

በነጋታው በዓል ቢሆንም ፋብሪካ በዓል አያውቅም። ቀጥ ብዬ፣ እንደ ጥንት መኳንንት ኮርቻዬ ላይ ተደላድዬ ገባሁ። አቶ ሸዋንግዛው ወንበራቸው ላይ ናቸው። ከላይ እስከ ታች አዩኝ። እኔም አየኋቸው። አልተነሳሁም። ጎንበስም አላልኩ። «አለቀ» አልኩ በልቤ፤ «በሩ መጣ።»

ልማድ ግን ከሹመት ይበልጣል። ፊታቸው ገና ግራ እንደተጋባ፣ ወገባቸው ቀደማቸውና... ብድግ አሉ!

«ኖር!» አሉ፤ ከአፋቸው አመለጣቸው።

አለቃ ሲነሳ ማን ይቀመጣል? ግቢው በሙሉ ተነሳ። ዘበኛው፣ ሙሉጌታ፣ ያን ዕለት ግምገማ ላይ እጁን ያወጣብኝ ሁሉ። የተቀመጥኩ እኔ ብቻ።

«በእግዜር» አልኳቸው ከኮርቻዬ ላይ። «ኧረ ይቀመጡ!»

ተቀመጡ። «አይነሳም» የሚለው ቃል ከዚያ ወዲያ በየትኛውም ግምገማ ላይ ሲነሳ አልሰማሁም። ጉዳዩ የተዘጋው ኅዳር ዐሥራ ሁለት፣ የሚካኤል ዕለት ነው።